«ልጅቷ ትጠየቅ»

በአገራችን አዋቂ መባያ መንገዱ ሁለት ነው፤ አንዱ መማር፣ ሌላው ቁልፍ መያዝ። የመጀመሪያው ዕድሜ ይፈጃል፤ ሁለተኛው የሚጠይቀው ኪስ ብቻ ነው። የመጋዘን ቁልፍ የያዘ ሰው ስለ እህል ሲጠየቅ ጉሮሮውን ጠራርጎ ነው የሚመልሰው። የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ የያዘው ዘበኛም ቢሆን ስለ መጻሕፍት አስተያየት አለው፤ አስተያየቱን ሰምታችሁ ራሳችሁን ካልነቀነቃችሁ ደግሞ በሩ አይከፈትም። እኔም ቡታጅራ ውስጥ የቲያትር አማካሪ የሆንኩት በዚሁ በሁለተኛው መንገድ ነው። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ከዚህ ሌላ ከቲያትር ጋር ያለኝ ዝምድና ልጅ ሆኜ ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ውስጥ ዛፍ ሆኜ መተወኔ ነው። ሳልነቃነቅ ጨርሻለሁ። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላም ቆሜ ነበር ይላሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ ልወጣ ስል የከተማው ልጆች ተሰብስበው ቢሮዬ መጡና «ጋሼ፣ የቲያትር ቡድን መሥርተናል፤ አማካሪያችን ይሁኑልን» አሉኝ። ሞኝ አይደለሁም፤ የፈለጉት እኔን ሳይሆን ቁልፉን መሆኑ ገብቶኛል። ግን እናንተስ ብትሆኑ፣ ዕድሜ ልካችሁን «ፊርማ ይቀረዋል፣ ነገ ይመለሱ» ስትሉ ኖራችሁ አንድ ቀን «አማካሪ» ቢሏችሁ እምቢ ትላላችሁ? እሺ አልኩ።

የቡድኑ መሪ ወይንሸት ትባላለች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ጥሩ ውጤት ያመጣች፣ ድምጿ ለስለስ ያለ፣ ነገር ግን የጀመረችውን ማንም ቢያቋርጣት ተመልሳ የምትጨርስ ልጅ ናት። እንዲህ ዓይነት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እናንተ ወሬ ቀይራችሁ ስለ ዝናቡ መዘግየት እያወራችሁ ነው፤ እሷ ግን ካቆመችበት ከ«ስለዚህ» ትቀጥላለች።

የአሠራራቸው ነገር መጀመሪያ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። ደራሲ የላቸውም። ድርሰትም የላቸውም። ወንበሩን ወደ ግድግዳ ገፋ ገፋ አድርገው መሬት ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንዱ ቤቱ ውስጥ ያየውን ይናገራል፣ ሁለቱ ተነስተው ያንን ይሠሩታል፣ የቀሩት ደግሞ «ኧረ እንዲህ አይደለም፣ አባት እንዲህ አይልም» እያሉ ያርሟቸዋል። ያማረውን በስልክ ይቀዱና በማግስቱ እንደገና ይሞክሩታል። «ለመሆኑ ድርሰቱ የማን ነው?» ብዬ ብጠይቅ «የሁላችንም ነው» አሉኝ። በእኔ መሥሪያ ቤት የሁላችንም የሆነ ነገር የማንም ነው፤ ስለዚህ ብዙም ተስፋ አልጣልኩም ነበር። ነገሩ ግን እያደር እየተቃና ሄደ። በተለይ ባጃጅ ነጂው ቢኒያም አባት ሆኖ ሆዱን ወደ ፊት ገፍቶ ሲቆጣ እኔ ራሴ ያላጠፋሁትን ይቅርታ ልጠይቅ ይዳዳኝ ነበር።

ቲያትሩ ሲውል ሲያድር ስለ አንዲት ልጅና ስለ አባቷ ሆነ። ያለ ምክንያት አልነበረም። ወይንሸት ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች፤ የመግቢያው ቀን እየተቃረበ ነው። ባለ ወፍጮ ቤቱ አባቷ ጋሽ ሽፈራው ደግሞ በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ሰምተዋል። ቤተሰቦቹ እንሴኖ ያሉ፣ እሱ መርካቶ ሱቅ የከፈተ፣ እንከን የማይወጣለት ጎልማሳ ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ሊልክባቸው ነው። ልብ በሉ፣ ጋሽ ሽፈራው ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ በቀለለ። ልጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት። «ትምህርት የት ይሄዳል፣ እዚያው ነው። ጥሩ ባል ግን እንደ ሚኒባስ ነው፤ ሞልቶ ከሄደ ሄደ» ይላሉ፣ ፊታቸው በደስታ እየበራ። እናቲቱ ይስማማሉ፣ አጎቶቹ ይስማማሉ፣ ጎረቤቱ ሳይቀር ተስማምቷል። «አንቺስ?» ያላት ግን የለም። ያቺ ንግግሯን የማታስቋርጥ ልጅ ደግሞ ቤቷ ስትገባ አባቷ ፊት ንግግር መጀመር እንኳ አይሆንላትም።

ስለዚህ ቲያትር ሠራች። በቲያትሩ ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ሦስት ጊዜ ይመጣሉ። በመጀመሪያው አባትየው «ዘመድ ላማክር» ይላል፤ በሁለተኛው «ጥቂት ቀን ስጡኝ» ይላል። በሦስተኛው ግን ተነስቶ ይቆምና «መጀመሪያ ልጅቷ ትጠየቅ» ይላል። ያኔ ወይንሸት ራሷ የምትሆናት ልጅ ከጓዳ ወጥታ የልቧን ትናገራለች፤ የቲያትሩ ግማሽ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ቀን አዳራሹን ስቆልፍ ወይንሸት ወደ ኋላ ቀረት ብላ «ጋሼ፣ አባቴ ከፊት ተቀምጦ ያቺን ቃል ከሌላ አባት አፍ ይስማት፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፤ ምን እንደምትፈልግ ጠይቄያት እንደማውቅ ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ችግሩ ከሽማግሌዎቹ መጣ። ሦስት ጎረምሶች የጥጥ ጢም ለጥፈው፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ወገባቸውን ይዘው ገቡ። ቢኒያም በወፍራም ድምፅ «እንደምን ዋላችሁ አባቶቼ» ሲል አንደኛው ሽማግሌ ተዘናግቶ «አለን ጀለስ፣ ፈታ በል» ብሎት ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲያ ያቺን ክፍል ሳይስቅ የጨረሳት የለም። ሽማግሌዎቹ ብቅ ባሉ ቁጥር ሁሉም ሆዱን ይዞ ይወድቃል። በመጨረሻ ወይንሸት «ለምን እውነተኞቹን አናመጣም?» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም እንደ አማካሪነቴ «ግሩም ሐሳብ ነው» አልኩ። አማካሪ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለ ጊዜ «ተው» ለማለት መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

እውነተኞቹ ማለት እንግዲህ አባባ ወልዴና ሐጂ ሱልጣን ናቸው። በከተማችን ወንድማማች በአጥር ቢጣላ፣ ባልና ሚስት ቢኮራረፍ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። የአንዳቸው ቅዳሴ እስኪወጣ፣ የሌላቸው ሶላት እስኪያልቅ እየተጠባበቁ ዕድሜያቸውን አብረው ሲያስታርቁ ኖረዋል። ሦስተኛ ሽማግሌም አሉ፤ የሳቸው ድርሻ «አሜን» ማለት ነው፣ እሱንም በሚገባ ይሉታል። እንሴኖዎቹም ከትዕይንቱ በኋላ ባለው ቅዳሜ ወደ ጋሽ ሽፈራው ቤት እንዲሄዱላቸው የለመኑት አባባ ወልዴን ነው። ወይንሸት ይህን ታውቃለች፤ «እሳቸውም ቢሰሙት አይከፋም» አለች። ሌላም ነገር ነበር። አባባ ወልዴ የባጃጅ ነጂው የቢኒያም እናት ታላቅ ወንድም ናቸው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያሰበበት ግን አልነበረም።

ለልምምድ አንድ ቀን መጡልን። ወይንሸት አጠገባቸው ተንበርክካ የሽምግልናውን ሥርዓት ታስረዳቸው ጀመር፤ ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው። አባባ ወልዴ ሻያቸውን ፉት እያሉ በትዕግሥት አዳመጧት።

«ልጄ፣ ሄደን ልጅ መጠየቅ ነው አይደል?»

«አዎ አባባ።»

«አባትየው የሚመልሰውን ይመልሳል?»

«አዎ፤ በሦስተኛው ላይ ግን አባትየው—»

«እሱን ለሱ ተይለት። እኛ ሥራችንን እናውቃለን።»

ብለው ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። ወይንሸት ተቋርጣ ተመልሳ ሳትጨርስ ስትቀር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ትዕይንቱ የመስቀል ሰሞን እሁድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። መስቀል ለጉራጌ ምን እንደሆነ ለጉራጌ አልነግርም፤ ለሌላችሁ ግን የመርካቶ ግማሽ በሩን ዘግቶ ወደ እኛ ይመጣል ብል ይበቃል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ በመስኮት የሚያይም ነበር። የጠገበ ተመልካች ለሳቅም ለእንቅልፍም ቅርብ ነው፤ እኛ ዕድል ቀናንና ወደ ሳቁ አደላ። ጋሽ ሽፈራው ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ከአዲስ አበባ ከመጡ ወንድሞቻቸው ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ከመድረኩ ጀርባ፣ መጋረጃ ብለን ከሰቀልነው ሰማያዊ ሸራ ኋላ፣ ከወይንሸት ጎን ቆሜያለሁ። ሥራዬ መብራቱን ማብራትና ማጥፋት ነው፤ እሱም ቁልፍ አለው።

የሽማግሌዎቹ የመጀመሪያ መምጣት እንደ ውሃ ፈሰሰ። ቢኒያም የለጠፈውን የጥጥ ጢም እየደባበሰ «ዘመድ ላማክር» አለ። ሁለተኛውም አማረ። ሦስቱ አባቶች የራሳቸውን ጋቢ ለብሰው፣ የራሳቸውን ዱላ ይዘው ሲገቡ ተመልካቹ ከመቀመጫው ብድግ እስከማለት ደረሰ። ወይንሸት ክንዴን ጨብጣ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ ቀጣዩ ነው» አለችኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ ገቡ። ቢኒያም «ቁጭ በሉ አባቶቼ» አለ።

«መልሱን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ አባባ ወልዴ።

«አባቶቼ... መጀመሪያ...»

አባባ ወልዴ ሁለት እጃቸውን ዱላቸው ላይ አስደግፈው አዩት። ያቺን አስተያየት ቡታጅራ ያውቃታል። ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲካሰሱ የኖሩ ሰዎች በሷ ተይዘው ጉልበት ስመዋል።

«መጀመሪያ ምን?»

«መጀመሪያ... ል...»

«ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህና ነው ሽማግሌ ሦስቴ የምታመላልስ?»

ይህ ጥያቄ በቲያትሩ ውስጥ የለም። ለቲያትሩ አባት አያት ቅድመ አያት ፈጥረንለት ነበር፤ ሁሉም ከቢኒያም ጭንቅላት በአንዴ ወጥተው ሄዱ።

«የአስካለ ነኝ አባባ» አለ። «የእህትዎ።»

አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። አባባ ወልዴ ግን አልሳቁም።

«አስካለ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችህ?»

«ኧረ አይደለም አባባ! እሺ። ሰጥቻለሁ። ይውሰዷት።»

አትፍረዱበት። በየቤታችን ስንት ወንድ አለ፣ መንገድ ላይ አንበሳ ሆኖ አጎቱ ፊት ሲደርስ «እሺ» ከማለት ሌላ ቃል የሚጠፋበት? ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ተቀመጡ፣ ምርቃቱ ጀመረ። እዚህ አገር ምርቃት ከተጀመረ ደግሞ የሚያቆመው የለም። አባባ ወልዴ «ውለዱ ክበዱ» ሲሉ፣ ሐጂ «አላህ በረካ ያድርገው» ሲሉ፣ ተመልካቹ መዳፉን ዘርግቶ «አሜን» ይላል። እኔም ከሸራው ጀርባ እጄን ዘርግቼ «አሜን» ስል ነው የባነንኩት። ከዚያ ሰው ልጆቹን እየሰበሰበ መነሳት ጀመረ። «አጭር ናት ግን ደስ ትላለች» ሲል የሰማሁት ሰውም አለ።

ወደ ወይንሸት ዞርኩ። ያን ፊት ባላየው ይሻለኝ ነበር። የስንት ወር ሥራ፣ አባቷ እንዲሰማት የፈለገችው ያቺ አንዲት ቃል፣ ሁሉም በአንድ «እሺ» ተበልቶ ሰው ወደ በሩ እየሄደ ነው። አማካሪ ነኝና መምከር ነበረብኝ። «መብራቱን ላጥፋው?» አልኳት። ሸራውን ገለጥ አድርጋ ወጣች።

«አባቶቼ» አለች ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ። «ልጅቷ አልተጠየቀችም።»

በእኛ ዘንድ የተቀመጠ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ አቤት ያለ ሰው ሳይሰማ አይመለስም፤ የቱንም ያህል የረፈደ ቢሆን። ሐጂ ሱልጣን እጃቸውን አነሱ። «ጀመዓው፣ ቁጭ በሉ! ይቺ ልጅ ነገር አላት። ቢስሚላህ በይና ተናገሪ ልጄ።» በሩ ላይ የደረሰው ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ። እንግዲህ ለዚህች ሰዓት ያዘጋጀችው ንግግር ነበረ፤ ቤት የሚመታ፣ እኔም ትንሽ እጄ ያለበት። ከሱ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

«ማግባት አልጠላሁም» አለች። «ሰውየውንም ክፉ ነው አልልም፣ አላውቀውም። ግን ጉብሬ ተመድቤያለሁ፣ መማር እፈልጋለሁ። ስጨርስ ቢመጣ እኔው ራሴ እመልስለታለሁ። ይህችን ለአባቴ መናገር አቃተኝ። ስለምፈራው አይደለም። ደስ ብሎት ሲያወራ ደስታውን የማቋርጥበት አፍ አጣሁ።»

በቲያትሩ ውስጥ ጉብሬ የሚባል ቦታ አልነበረም። የሚያውቀው ሰው ያውቃል፣ የማያውቀው ጎኑ ያለውን ጠየቀ፣ ሹክሹክታው ከረድፍ ረድፍ ተሻገረ። አባባ ወልዴ ወደ ቢኒያም ዞሩ።

«አንተ አባት፣ ምን ትላለህ?»

ቢኒያም በላብ የራሰውን ጢሙን ነቅሎ በእጁ ይዞታል። «እኔ አይደለሁም አባባ» አለ፣ በዚያው ጢም ወደ ሦስተኛው ረድፍ እያመለከተ። «እሳቸው ናቸው።»

የአዳራሹ አንገት ሁሉ ዞረ። ጋሽ ሽፈራው ቀስ ብለው ተነሱ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ግራ ቀኝ አዩ። እምቢ ቢሉ ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ እህሉን የሚያስፈጨው ሁሉ እያያቸው ነው፤ ቢቆጡ ደግሞ በልጆች ጨዋታ ተቆጣ ሊባሉ ነው። ብልህ ናቸውና ፈገግ አሉ።

«ቲያትር አይደል እንዴ? ለቲያትሩ ከሆነማ ትማር! እኔ ፈቅጃለሁ። በሉ ቀጥሉ።»

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ጋሽ ሽፈራውም እጃቸውን ወዘወዝ አድርገው ተቀመጡ። አመላለጣቸው እኔን እንኳ አስደነቀኝ። ወይንሸት ግን አንገቷን ልትደፋ ስትል አየኋት፤ እንደ ሁልጊዜው፣ እንደ ቤቷ።

«ሽፈራው» አሉ አባባ ወልዴ። «ተነስ።»

ጋሽ ሽፈራው ተነሱ።

«ለልጆቹ ቲያትር ይሆናል። እኔ ግን ዱላዬን ይዤ፣ ሐጂ በቀኜ ተቀምጠው፣ ይህ ሁሉ ሰው አሜን እያለ፣ ቲያትር የሚባል አላውቅም። ‹ትማር› ብለሃል ወይስ አላልክም?»

አባባ ወልዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል ሰምተሃል» አሉ። ጋሽ ሽፈራው ወደ ልጃቸው አዩ። ወይንሸት አንገቷን አልደፋችም፤ ቀና ብላ አየቻቸው። በሕይወታቸው እንዲያ ተያይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

«ብያለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ቀስ ብለው «ትማር» አሉ።

«እንግዲያው እንሴኖዎቹ ጋ እኔ ራሴ ሄጄ ጠብቁ እላቸዋለሁ» አሉ አባባ ወልዴ፣ ያላለቀውን ሽምግልና በአንድ ቃል እየጠቀለሉ። ምርቃቱ እንደገና ተጀመረ፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ያሏት «አሜን» ገበያ ድረስ ተሰምታለች። ጋሽ ሽፈራው በዚያች ቀን የተናገሩትም አልጠፋባቸውም፣ የወለዱትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተባለ። ስለ ኪነ ጥበብ አውቃለሁ የሚል አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ታሪኩ ጥሩ ነው፣ መጨረሻው ግን ከመድረክ ወርዷል» አለ። ቢኒያምን እስከ ዛሬ ባጃጁ ውስጥ የሚሳፈር ሁሉ «የማን ልጅ ነህ?» ይለዋል፤ እሱም አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ጡሩምባውን ይነፋል። ልጆቹ አዲስ ቲያትር ጀምረዋል፤ ሽማግሌ የሚገባበት ክፍል የለውም።

ወይንሸት የሄደች ቀን ልሸኛት መናኸሪያ ወረድኩ። ጋሽ ሽፈራው ከትዕይንቱ ወዲህ አነጋግረውኝ ስለማያውቁ ራቅ ብዬ ነው የቆምኩት። ረዳቱን አላመኑትም፤ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ወጥተው የልጃቸውን ፍራሽ ራሳቸው እያሰሩ ነው። ወረዱና በመስኮቱ አጎንብሰው ረጅም ነገር ነገሯት፤ እሷም መለሰችላቸው፤ ሳያቋርጧት እስክትጨርስ ቆመው ሰሙ። ሚኒባሱ ታጥፎ እስኪሰወር እጃቸውን አላወረዱም። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ነህ አይደል አማካሪው? ያለ ልምምድ መድረክ አወጣችሁኝ» አሉኝ።

ግራ ቀኛቸውን ቃኙ፣ ሰው አለመኖሩን አረጋገጡ፣ ጠጋ አሉኝ።

«ግን... እንዴት ነበርኩ?»

እኔም ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

«‹ቀጥሉ› ብለው ሲቀመጡ ትንሽ ቸኩለዋል» አልኳቸው።